ምዕራፍ 6፦ የሚታየው ክንድ፣ የማይታየው ደም

ሕፃኑ እንደተወለደ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ክንዱ ላይ ነው። ከክርኑ እስከ አንጓው ያለው ክፍል አጥሯል፤ መዳፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። አምስቱም ጣቶች ግን በቦታቸው አሉ፤ አውራ ጣቱም አለ። አዋላጇ ትደነግጣለች፣ እናት ታለቅሳለች፣ ደጅ የቆመው ዘመድ "ምን ሆነ?" እያለ ይጠይቃል። በዚያች ሰዓት ሆዱና እግሩ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ቀያይ ነጠብጣቦች ቢወጡ ልብ የሚላቸው ሰው ጥቂት ነው። የሕፃኑ ሕይወት ያለው ግን እዚያ፣ ማንም ልብ ባላለው ነገር ውስጥ ነው።

በሽታው ታር ሲንድሮም ይባላል። ከልደት ጀምሮ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጎድላል፦ የክንድ አጥንትና ደም እንዲቆም የሚያደርጉ የደም ሴሎች። ከ100 ሺህ እስከ 200 ሺህ ሕፃናት መካከል በአንዱ ላይ እንደሚከሰት ይገመታል። ግምቱ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ለእኛም ይሠራል ብንል፣ በየዓመቱ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ከዚህ ሕመም ጋር ይወለዳሉ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ግን ልጁ አንድ ነው።

ነገሩን ከኢተያ ተነስቼ ላስረዳ። ከአዳማ በዴራ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ኢተያን አቋርጦ ያልፋል። የሂጦሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው፤ ከአሰላ በላይ ጭላሎ 4,000 ሜትር አልፎ ይቆማል። ኢተያን የመረጥኩት በሽታው እዚያ ስለሚበዛ አይደለም፤ የትም ይወለዳል። የመረጥኩት በአገራችን ብዙ ሕፃን የሚወለደው እንደ ኢተያ ባለ ቦታ ስለሆነ ነው፦ ጤና ጣቢያው ቅርብ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ በመኪና የሚደረስበት፣ የደም ሐኪሙ ግን ሩቅ የሆነበት ቦታ።

አንድ አጥንትና አንድ የደም ሴል

ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ ይባላል። መዳፍን ከታች ደግፎ የሚይዘው በዋናነት ራዲየስ ነው። ታር ሲንድሮም ያለበት ልጅ በሁለቱም እጆቹ ራዲየስ የለውም፤ ስለዚህ መዳፉ ድጋፍ አጥቶ በአውራ ጣቱ በኩል ይታጠፋል። አልናም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። አንዳንዶቹ ላይ የላይኛው የክንድ አጥንት ሳይቀር ስለሚጎድል፣ እጁ በቀጥታ ከትከሻ የወጣ ይመስላል። ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ የጉልበት ወይም የእግር ችግር ይኖርባቸዋል፤ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ልብ ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ይገኛል፤ ኩላሊትም ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ክንዱ ያጠረ ሕፃን ልቡም ኩላሊቱም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት ደም ውስጥ ነው። ከቀይና ከነጭ የደም ሴሎች ሌላ ፕላትሌት የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ሴሎች አሉን። የመስኖ ቦይ ሲሸነቆር ገበሬው ፈጥኖ ጓል ወርውሮ እንደሚደፍነው ሁሉ፣ የደም ሥር ሲቀደድ ቀድመው ደርሰው ቀዳዳውን የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ፕላትሌት አለው። ታር ያለበት ሕፃን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሺህ በታች ነው ያለው፤ ከ10 ሺህ በታች የሚወርድበት ቀንም አለ። በመቅኔው ውስጥ ፕላትሌት የሚያመርቱት ትልልቅ ሴሎች በቅጡ ስለማይጎለምሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዶክተር ጁዲት ሆልና ባልደረቦቻቸው የ40 ታማሚዎችን ታሪክ አንድ ላይ ሰብስበው ይህ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በተሰበሰበው ልምድ ውስጥ ለወላጅ ከሁሉ የሚበልጠው እውቀት ይህ ነው፦ የፕላትሌቱ ቁጥር በሕፃንነት እጅግ ዝቅተኛ ይሆናል፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን ከፍ ይላል፤ ትምህርት ቤት በሚገባበት ዕድሜ ብዙዎቹ ወደ ጤነኛው መጠን ይጠጋሉ። አደጋው ጊዜ አለው። ክንዱ ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል፤ የመድማቱ ከባድ ዘመን ግን ያልፋል። የቤተሰቡም የሐኪሙም ዋና ሥራ ልጁን ያንን ዘመን ማሻገር ነው።

አውራ ጣቱን እዩ

ራዲየስ የጎደለው ሕፃን ሁሉ ታር አለበት ማለት አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ጊዶ ፋንኮኒ እ.ኤ.አ. በ1927 በሦስት ወንድማማቾች ላይ የገለጹት ሌላ በሽታ አለ፤ ዛሬ ፋንኮኒ አኒሚያ ይባላል። እሱም ክንድንና ደምን ይነካል። መንገዳቸው ግን ተቃራኒ ነው። በታር ደሙ ከልደት ጀምሮ ይታመማል፣ ከዕድሜ ጋር ይሻለዋል። በፋንኮኒ ደሙ ሲወለድ ደህና ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ልጁ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው መቅኔው መድከም ይጀምራል፤ ቀይ ሴሉም፣ ነጭ ሴሉም፣ ፕላትሌቱም ይቀንሳሉ፤ በኋላም ለደም ካንሰር ያጋልጣል።

ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያው ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አውራ ጣቱን ማየት ነው። በታር ራዲየስ ባይኖርም አውራ ጣት ሁልጊዜ አለ። በፋንኮኒ ራዲየስ ከጎደለ አውራ ጣቱም አብሮ ይጎድላል፤ ወይም ትንሽና ልል ይሆናል። በኢተያ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ላቦራቶሪ ሳትጠብቅ "ክንዱ አጭር ነው፣ አውራ ጣቱ አለ" ብላ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ብትጽፍ፣ ተቀባዩ ሐኪም ግማሹን መንገድ ተጉዟል ማለት ነው። የቀረውን የደም ቆጠራው ይጨርሰዋል።

የማንም ጥፋት አይደለም

ይህን ክፍል የጻፍኩት ከሁሉ በላይ ለእናቶች ነው። አካሉ የጎደለ ልጅ ሲወለድ ጥያቄው ወደ እናት ይዞራል፦ ምን በላች? ምን አየች? ማን ረገማት? አንዳንዱ ቤት በዚህ የተነሳ ይፈርሳል፤ አንዳንዱ ልጅ ጎረቤት እንዳያየው ጓዳ ውስጥ ያድጋል።

የክንድ ቡቃያ በማህፀን ውስጥ ብቅ የሚለው ፅንሱ አራት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ አጥንቶቹ መልክ ይዘዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም፣ ወይም ገና ማወቃቸው ነው። ታር ግን ከዚያም ይቀድማል፤ መነሻው ፅንሱ ሲፈጠር የተወረሰው ዘረመል ነው።

እያንዳንዳችን የአብዛኛውን ዘረመላችንን ሁለት ቅጂ ይዘን እንኖራለን፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የበርሊን ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት ታር ባለባቸው ልጆች አንደኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ቁራጭ ጎድሎ አገኘ። ቁራጩ የጎደለባቸው ጤነኛ ወላጆችም ስለተገኙ፣ ጉድለቱ ብቻውን በሽታውን እንደማያመጣ ግልጽ ሆነ። የቀረው መልስ በ2012 መጣ። በዚያ በጎደለው ቁራጭ ውስጥ አርቢኤም 8ኤ የሚባል ዘረመል አለ፤ ልጁ ከአንደኛው ወላጅ ይህ ዘረመል የጎደለበትን ክሮሞሶም ሲወስድ፣ ከሌላኛው ወላጅ ደግሞ በመጠኑ የደከመ ቅጂ ይደርሰዋል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ፕላትሌትና ክንድ ለመሥራት የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከሚበቃው በታች ይሆናል። እናት ለብቻዋ፣ አባትም ለብቻው ሙሉ ጤነኞች ናቸው። ከልጆቹ ሩብ በሚሆኑት ላይ ጉድለቱ ከወላጅ የመጣ ሳይሆን በልጁ ላይ አዲስ የተከሰተ ነው።

ሁለቱም ወላጆች የየድርሻቸውን የተሸከሙ ከሆነ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። የመጀመሪያው ልጅ ታር ስላለበት ቀጣዩ ይኖርበታል ማለት አይደለም፤ አይኖርበትም ማለትም አይደለም። ቀጣዩን እርግዝና ግን በአልትራሳውንድ መከታተል ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሳ መክሯል። ክንዱ አስቀድሞ ከታየ ልጁ ደም በሚገኝበት ሆስፒታል እንዲወለድ ማቀድ ይቻላል።

በአርሲ ገጠር ይህ ሁሉ ለእናት ሊነገራት የሚገባው በአፋን ኦሮሞ ነው። አባትም፣ አያትም አብረው ተቀምጠው መስማት አለባቸው፤ ጥፋተኛ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ሳይሰማ የቀረው ሰው ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

ታር ያለበትን ሕፃን በብዛት የሚገድለው ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ነው፤ የሚበረታውም በመጀመሪያው ዓመት፣ ከዚያም እስከ ሁለተኛው ዓመት ነው። አንጎል ሳይጎዳ ይህን ጊዜ ያለፈ ልጅ አእምሮው እንደ እኩዮቹ ነው፤ ያነባል፣ ያሰላል፣ ይሟገታል።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት በአገራችን ከመውደቅና ከመጋጨት የማይተናነስ አደጋ የሚመጣው በምላጭ ነው። ሕፃን ሲያስለው "እንጥሉ ወርዶበት ነው" ተብሎ ይቆረጣል። ተቅማጥ ሲይዘው "ግግ ነው" ተብሎ ድዱ ይፈለቀቃል። ሲያብጥ ወይም ሲያቃጥለው በምላጭ ይበጣል። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በስምንተኛው ቀን ይገርዛል፤ ሙስሊሙም በየአካባቢው ልማድ ያስገርዛል። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ጤነኛውንም ሕፃን ይጎዳሉ፤ ፕላትሌቱ ባነሰ ሕፃን ላይ ግን ጉሮሮ ውስጥ የተነሳ ደም የሚያቆመው የለም። ግርዛት የሃይማኖትና የባህል ሥርዓት ነው፤ አይቅር። ግን ይቆይ፤ ፕላትሌቱ ከፍ ሲል በሆስፒታል ይደረግ። ይህን ለቤተሰቡ የሚያስረዱት የነፍስ አባት ወይም ኢማም ከሐኪሙ ጋር ቢመክሩ፣ የአያቶች ልብ ቶሎ ያርፋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ወተት ነው። አርሲ የወተት አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረውና በተለምዶ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ከስንዴው ጋር የተዳቀሉ የወተት ላሞችንም አስፋፍቷል። ለሕፃን የላም ወተት መስጠት እዚያ ፍቅር ነው። ታር ካለባቸው ልጆች ግማሽ ለሚጠጉት ግን የላም ወተት አይስማማቸውም፤ ያስቀምጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ክብደት አይጨምሩም፤ አንዳንዶቹ ላይ ፕላትሌቱንም ያወርደዋል። ስለዚህ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ የሚለው ምክር ለዚህ ልጅ ከማንም ልጅ ይበልጥ ይሠራል። ከዚያ በኋላም የላም ወተት በሐኪም ምክር፣ ሆዱንና የደም ቆጠራውን እያዩ የሚሞከር ነገር ነው።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የፕላትሌትን ሥራ ስለሚያደናቅፉ ይህ ልጅ ጋ አይደርሱም። ሲያተኩሰው በልኩ የተሰጠ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ትኩሳቱ ራሱ ግን አይናቅ፤ ኢንፌክሽን ሲይዘው ፕላትሌቱ ይወርዳል። ለዚህም ነው ክትባት የማይቋረጠው። ለክትባት ባለሙያዋ ግን ቀድሞ ይነገራት፤ በቀጭን መርፌ ትወጋው፣ ከዚያም ሳታሽ ቦታውን ለአምስት ደቂቃ ያህል ተጭና ትያዝ።

ወላጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል የሚሮጥባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ የማይቆም ነስር ወይም የድድ መድማት፣ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ በድንገት የበዙ ቀይ ነጠብጣቦችና የበለዘ ቆዳ፣ ያበጠ እርግብግቢት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ጡት እንቢ ብሎ መፍዘዝ። ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ምልክት አይጠበቅም፤ ወዲያው ይወሰድ።

ከኢተያ እስከ ደም ባንክ

የደም ቆጠራ ጥቂት ጠብታ ደምና አንድ መሣሪያ ይፈልጋል። ክንዱ አጭር በሆነ ሕፃን ላይ የደም ሥር ማግኘት ስለሚከብድ ከእግሩ ወይም ከተረከዙ ይቀዳል። ከኢተያ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አሰላ ላይ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። የደም ሕመም ለያዛቸው ሕፃናት የረቀቀው ክትትል ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ከኢተያ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የታቀፈ ቤተሰብ ሪፈሩን ደረጃውን ጠብቆ ካልያዘ ወጪ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላልና፣ ከጤና ጣቢያው ወረቀቱን ሳይቀበል አይነሳ።

ከባዱ ጥያቄ ፕላትሌቱ ነው። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ፕላትሌት ግን ቅዝቃዜ አይችልም፤ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ፣ ያለማቋረጥ እየተወዘወዘ፣ የሚቆየው ለአምስት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በየከተማው አከማችቶ መጠበቅ አይቻልም፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ፕላትሌት በዚህ ሳምንት ከለገሰ ሰው መምጣት አለበት።

እዚህ ላይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ስሌት አለ። ለሕፃን የሚሰጠው ፕላትሌት በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ አምስት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከአንድ ለጋሽ ደም ተለይቶ የሚወጣው ፕላትሌት በግምት ይህንኑ ያህላል። አዋቂ ታማሚ የብዙ ለጋሾች ፕላትሌት ይፈልጋል፤ ለሕፃኑ ግን አንድ ለጋሽ አንድ ክፉ ቀን ያሻግረዋል። ፕላትሌት የሚሰጠውም ቆጠራው በወረደ ቁጥር አይደለም። ሐኪሞች መድማቱን ያያሉ፤ ካልደማ ብዙዎቹ ቁጥሩ ከ10 ሺህ አካባቢ እስኪወርድ ይታገሣሉ፤ ያለ ልክ የተሰጠ ፕላትሌት ሰውነት የሰው ፕላትሌት እንዲያጠቃ ያለማምደዋልና።

በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1969 በቀይ መስቀል ተጀምሮ በ2012 ወደ መንግሥት ተዛውሯል። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከዘመድ ልገሳ ወደ ፈቃደኛ ለጋሽ እንዲሻገር ተደክሟል። ፕላትሌት ለሚያስፈልገው ልጅ ይህ ለውጥ ሕይወት ነው፤ ሌሊት የደማ ሕፃን ዘመድ ከኢተያ ተሳፍሮ እስኪመጣ አይጠብቅም። አዳማም፣ አሰላም፣ አዲስ አበባም በየሦስት ወሩ የሚለግስ ሰው እነዚህን ልጆች ስማቸውን ሳያውቅ ያሳድጋቸዋል።

የክንዱ ተራ

ክንዱን መንከባከብ በልደት ቀን ይጀመራል፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ይቆያል። አንጓውን በቀስታ መዘርጋትን ወላጅ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተምሮ ዳይፐር በቀየረ ቁጥር ሊያደርገው ይችላል፤ ለስላሳ ስፕሊንትም መዳፉን ደግፎ ያሳድገዋል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ፕላትሌቱ ከፍ ካለ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ለሁሉም አይደለም፤ አውራ ጣት ስላላቸው ጨብጠውም ቆንጥረውም ስለሚይዙ፣ ብዙዎቹ በታጠፈው እጃቸው ሁሉን ይሠራሉ፤ የተቃናው እጅ አንዳንዴ ከታጠፈው ያነሰ ይሠራል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠይቀው "ያምራል ወይ?" ብሎ ሳይሆን "ምን ይሠራበታል?" ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጉድለት ያለባቸውን ልጆች ያክማል፤ ጉልበታቸው የታጠፈ ልጆች እንዳይዘገዩ ቀድሞ መታየቱ ይጠቅማል።

ልጁ ሲያድግ ፈተናው ከሆስፒታል ወደ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። እጁ አፉ ጋ ይደርሳል? ልብሱን ይቆልፋል? ከመጸዳጃ ቤት ራሱን ችሎ ይወጣል? ውዱእ ያደርጋል? መሶብ ላይ ከሌሎች ጋር ሲቀመጥ እጁ እንጀራው ጋ ይደርሳል? መፍትሔዎቹ ቀላል ናቸው፦ እጀታው የረዘመ ማንኪያ፣ ከቁልፍ ይልቅ ላስቲክ ያለው ሱሪ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ ጽሑፍ እስኪጨርስ የሚታገሥ መምህር። ከባዱ የሰው ዓይን ነው። ልጁን በአዘኔታ ከጨዋታ የሚያወጣው መምህር፣ ከሚሳለቅበት ልጅ ባልተናነሰ ይጎዳዋል። ሐኪሙ ፕላትሌቱ በቂ ነው ካለ፣ ይሩጥ፣ ይጫወት።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። በ2012 ለንደን ላይ ደግሞ ወንድዬ ፍቅሬ የክንድ ጉዳት ላለባቸው አትሌቶች በተዘጋጀው የ1,500 ሜትር ውድድር ብር አግኝቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ አመጣ። ለአርሲ ልጅ ሩጫ ከዓይን የማይርቅ ነገር ነው፤ አጭር ክንድ ያለው ልጅም ከዚያ ሜዳ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

ይህን ሁሉ ለማግኘት ግን አስቀድሞ በሕይወት መቆየት አለበት። ለዚያ የሚያስፈልገው አዲስ መድኃኒት ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም፤ አንድ ደንብ ነው፦ ክንዱ አጥሮ ወይም መዳፉ ታጥፎ የተወለደ ሕፃን የደም ቆጠራ ሳይደረግለት ወደ ቤቱ አይሂድ። አዋላጅዋ ትጻፈው፣ ጤና ጣቢያው ይላከው፣ ሆስፒታሉ ይቁጠርለት። ቆጠራው ጤነኛ ቢሆን የጠፋው ጥቂት ሰዓት ነው። ዝቅ ብሎ ቢገኝ ደግሞ እናቱ ከዚያች ሰዓት ጀምራ ምላጩንም፣ ወተቱንም፣ መርፌውንም ትጠነቀቃለች፤ ሁለቱ ዓመታት አልፈው ልጁ ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድል ያኔ በእጇ ይሆናል።